የግልቢያ ዋንጫችን ላይ ውድድር ስንጨምር

አዊ ውስጥ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም። ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለቅሶ ያደርሳል። እኛ ዘንድ ፈረስ ያርሳልም። ሌላው አገር በሬ እንደሚጠምደው እኛ ፈረስ እንጠምዳለን። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው ፍቅሩን ያውቀዋል። የፈረሰኞቹ ማህበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዓድዋ ላይ ፈረሶች የከፈሉትን ዋጋ እስከ ዛሬ ያስባል።

የእኔ ወሬ ስለዚያ ትልቅ በዓል አይደለም። ስለ አካባቢያችን የግልቢያ ዋንጫ ነው። ለብዙ ጊዜ የነበረን ሁለት ውድድር ብቻ ነበር፦ ረጅሙ ግልቢያና ሶምሶማ። ዋንጫው ከጥቂት ሰዎች ቤት አይወጣም ነበር። ጥሩ ፈረስ ይዞ መጥቶ ዳር ቆሞ የሚመለሰው ሰው ይበዛል። ኮሚቴው ውስጥ ስገባ የተሰጠኝ ሥራ «ውድድር ጨምርና ቀኑ ይድመቅ» የሚል ነበር።

እኔ ግን ከመጨመሬ በፊት ምዝገባ ጀመርኩ። መስከረም ላይ ደብተር ይዤ ባለፈረሶቹን ቤት ለቤት ዞርኩ። የፈረሱ ዕድሜ ስንት ነው? ባዝራ ናት ወይስ ድንጉላ? ያርሳል? ባለፈው ተወዳድሮ ነበር? ካልተወዳደረስ ለምን? ከሁሉም የጠቀመኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። መልሱ ሦስት ቦታ ተሰበሰበ። «ባዝራ ናት፣ ከድንጉሎቹ ጋር አላሰልፋትም» የሚሉ አሉ። «ገና ልጅ ነው» የሚሉ አሉ። «የእኔ የእርሻ ፈረስ ነው፤ ለግልቢያ ብቻ ከተቀለበ ፈረስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉት ደግሞ በጣም ብዙ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን አሜሪካኖች ብሪደርስ ካፕ የሚሉትን ትልቅ ውድድር ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ፣ ሆሊውድ ፓርክ ላይ ሲጀመር በአንድ ቀን 7 ውድድር ነበረው። ስምንተኛው የተጨመረው በ1999 ነው፤ 15 ዓመት ጠብቀዋል ማለት ነው። ስምንተኛው ሣር ላይ ለሚሮጡ ባዝራዎች የተሰጠ ነው። ከዚያ በፊት በዚያ ቀን ሣር ላይ መሮጥ የፈለገች ባዝራ ከወንዶቹ ጋር መግጠም ነበረባት። ሚየስክ የምትባለው ባዝራ በ1987 እና በ1988 ወንዶቹን አሸንፋለች፤ ግን እንደ እሷ ያለች ስንት ትገኛለች? ያ ውድድር ቦታ ያልነበራቸውን ፈረሶች ቦታ ሰጣቸው። ለእኔ ትክክለኛው ጭማሪ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ፈጠኑ። በ2007 ሦስት ጨምረው ሁለት ቀን አደረጉት። በ2008 ሦስት ደግመው 14 አደረሱት፤ በ2011 ደግሞ 15 ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱን አስቀሩ፦ የ2 ዓመት ፈረሶችን አጭር ሩጫ ከ2012 በኋላ፣ ማራቶን ያሉትን ረጅሙን ከ2013 በኋላ። በ2007 የመጣው የአንድ ማይል የአፈር ውድድርም ያከራክራል። ለትልቁ ክላሲክ ወይም ለአጭሩ ስፕሪንት ሊሰለፍ የሚችለውን ፈረስ ይወስዳል የሚሉ አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። አዲሱ ውድድር ከነባሩ ፈረስ ከወሰደ ሁለቱም ይሳሳሉ።

ይህን ይዤ፣ ለባዝራዎች፣ ለወጣት ፈረሶችና ለእርሻ ፈረሶች አንዳንድ ውድድር እንጨምር ብዬ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አንድ ነጋዴ ሽልማቱን ችሎ አጭር ግልቢያ እንዲጨመር ይፈልግ ነበር። ደብተሩን ገልጬ አሳየሁት። ለአጭሩ የሚመጡት ፈረሶች እነዚያው የረጅሙ ግልቢያ ፈረሶች ናቸው። አከራከረን፤ በመጨረሻ ገንዘቡን ለእርሻ ፈረሶቹ ሽልማት አዛወረው። እግዜር ይስጠው።

በባዝራዎቹ ጉዳይ የተቃወሙኝ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። «ባዝራ መውለጃ ናት፤ አስጨንግፋችሁ ልትሰጡን ነው?» አሉኝ።

«አያ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛዋን ይከለክላሉ?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ሆዷ የገፋውን። ውርንጭላዋ ገና ጡት እየጠባ የሚከተላትንም። ሌላዋ ትሩጥ» አሉ።

ቃል በቃል ደንብ አደረግነው። ባዝራ 11 ወር ገደማ ነው የምታረግዘው፤ ስለዚህ ባለቤቱ መቼ እንዳስጠቃት ይጠየቃል፣ የእንስሳት ሐኪሙም ያያታል። ከዚያ ወዲህ የባዝራዎቹን ውድድር የሚያስጀምሩት እሳቸው ናቸው።

የወጣቶቹ ፈረሶች ውድድር ትልቁ ጣጣ ዕድሜ ነበር። ሁሉም ሰው ፈረሱን ልጅ ያደርገዋል። መፍትሔው ጥርስ ነው። ፈረስ መሐል ያሉትን ሁለት የፊት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይቀይራል፤ ከጎናቸው ያሉትን በ3 ተኩል፣ የዳሮቹን በ4 ተኩል። ሁለተኛውን ጥንድ ቀይሮ የዳሩን ያልቀየረ ፈረስ ብቻ ነው የምንቀበለው። አሜሪካ የ2 ዓመት ፈረስ ይሮጣል፤ እኛ ያንን አልወሰድንም። የእኛ ፈረስ በግጦሽ የሚያድግ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጠናው። የጀርባው አጥንት ደግሞ እስከ 5 ዓመት አካባቢ እየጠነከረ ነው። አጭር ርቀት፣ ቀላል ፈረሰኛ፣ አለንጋ ክልክል።

የምወደው ግን የእርሻ ፈረሶቹን ነው። ለመግባት ሁለት ጎረቤት ይመሰክራል፤ ትከሻው ላይ ቀንበር ያሳሳውን ፀጉርም እናያለን። የሰው ብዛት! ከረጅሙ ግልቢያ እኩል ያጨበጨቡለት ነው። ያለ ኮርቻ፣ ጀርባው ላይ ደበሎ ጣል አድርገው የመጡ ነበሩ። ሽልማቱንም ዋንጫ ብቻ አላደረግነውም። ገብስና አዲስ ልጓም ጨመርንበት፤ ቤት የሚገባ ነገር ነው።

ውድድር ሲበዛ ሥራው የሚከብደው ሜዳው ላይ ነው። አንድ ፈረስ በቀን አንድ ውድድር ብቻ። ይህን ለማስከበር ሰኮናው ላይ በቀለም ቁጥር እንጽፋለን፤ ጋማ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይፈታል፣ የሰኮና ቀለም ግን አይለወጥም። ከዋዜማው ሐኪሙ ሁሉንም ያያል። አፍንጫው የሚፈስ ወይም ቆዳው የቆሰለ ፈረስ አይገባም፤ ከየቀበሌው የመጣ ፈረስ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ በሽታም አብሮ ይመጣል። ትልቁ ግልቢያ የመጨረሻ ስለሆነ ሜዳው እስኪደርስለት በሰኮና ይቦጫጨቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የመሮጫውን ዳር የሚለየውን ገመድ ወደ ውስጥ ገባ አድርገን እንዘረጋለን። ለመጨረሻው ውድድር ያልተረገጠ ሣር እንዲተርፍ ገመዱን ያኔ እናነሳዋለን። በየመሐሉ ግማሽ ሰዓት እንተዋለን፤ ሽማግሌዎቹ ጉግስ ያሳያሉ፣ የሮጡት ፈረሶች እየተመሩ ይበርዳሉ። የውድድሩ መጨረሻ መስመር ላይ ሁለት ዳኛና በስልክ የሚቀርጽ አንድ ልጅ አለ። ቪዲዮው ስንት ጠብ አስቀርቷል!

አንድ ደንብ ደግሞ ከመጀመሪያው አስገብተን ነበር፦ ከ6 ፈረስ በታች የተመዘገበበት ውድድር በዚያ ዓመት አይካሄድም። ሶምሶማውን በዕድሜ ለሁለት እንክፈለው የሚል ሐሳብ ነበር፤ ለታናናሾቹ የመጣው ፈረስ አልሞላም፣ ቀረ። ማንም አልተቀየመም፣ ደንቡን ቀድመው ያውቁታልና።

አሁን ሰዉ የሚጠይቀኝ «ለምን ሁለት ቀን አታደርጉትም?» ብሎ ነው። የሚያጓጓ ነገር ነው። ግን ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ፈረስ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ድርቆሽ ይፈልጋል፣ ውኃው ቅርብ መሆን አለበት። ለሰው ማደሪያ አይጠፋም፤ ለዚያ ሁሉ ፈረስ ግን በረት የለንም። ከወረዳው መሬት ጠይቀናል፣ ድርቆሹን ማህበርተኛው እንዲያዋጣ እየተነጋገርን ነው። ያ እስኪሟላ አምስቱን ውድድር በአንድ ቀን እንጨርሳለን፤ ባለፈረሱም ሳይመሽበት አገሩ ይገባል።