ውሃው ውስጥ ሕጉን የሚያወጣው ማነው?

ስለ ሩጫ ከተነሳ አዲስ አበባ ውስጥ ዳኛ ያልሆነ ሰው የለም። ስታዲየም ዙሪያ ካፌ ቁጭ በሉና የ10 ሺህ ሜትር የመጨረሻ ዙር በስንት ሰከንድ እንደሚሮጥ ጠይቁ፤ ማኪያቶ የሚያመጣላችሁ ልጅ ሳይቀር ይነግራችኋል። ወደ ውሃ ዋና ሲመጣ ግን ጭጭ። ጊዮን ገንዳ ዋና የተማሩ ጓደኞቼ እንኳ ሕጉን ማን እንደሚያወጣ ጠይቀው አያውቁም። እኔን ደግሞ ከሜዳሊያው ይልቅ የሚስበኝ እሱ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ዝብርቅርቅ ነበር። በ1896 አቴንስ ኦሊምፒክ ላይ ባሕር ውስጥ ዋኙ። በ1900 ፓሪስ ላይ ሴን ወንዝ ውስጥ፣ ያውም ከወራጁ ጋር! ወንዝ እየገፋህ ያስመዘገብከው ሰዓት ምን ሰዓት ይባላል? በ1904 አሜሪካኖቹ ርቀቱን በያርድ ለኩት። በ1908 ለንደን ላይ ስታዲየሙ ውስጥ የ100 ሜትር ገንዳ ተሠራ፤ በዚያው ሰሞን ጁላይ 19 የስምንት አገር ሰዎች እዚያው ለንደን ማንችስተር ሆቴል ተሰብስበው ፊናን፣ ማለትም ዓለም አቀፉን የውሃ ዋና ፌዴሬሽን፣ መሠረቱ። ሥራው ለሁሉም አንድ ደንብ ማውጣትና ሪከርድ ማጽደቅ ነበር።

ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ግን የሙኒክ 1972 ኦሊምፒክን ነው። በ400 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ (አራቱም የአዋዋኝ ስልቶች ተራ በተራ የሚዋኙበት) ስዊድናዊው ጉናር ላርሰንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ ሁለቱም 4:31.98 ገቡ። ዳኞቹ ወደ ሺኛ ሰከንድ ወረዱና ላርሰን በ0.002 ሰከንድ አሸነፈ ተባለ። በዚያ ፍጥነት ሲሰላ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም 400 ሜትር ተዋኝቶ። እንግዲህ ገንዳ የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ሴራሚኩ ትንሽ ወፈር ካለ ወይም ግድግዳው በጣት ስፋት ከተዛነፈ አንዱ መስመር ከሌላው በሚሊ ሜትሮች ይረዝማል፤ ስለዚህ ሰዓቱ የለካው ዋናተኛውን ይሁን ግንበኛውን ማን ያውቃል? ፊና በኋላ ሺኛውን ተወው። በመቶኛ ሰከንድ እኩል ከገባህ እኩል ነህ። በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ ፌልፕስ፣ ለ ክሎስና ቼህ ሦስቱም 51.14 ገብተው ሦስቱም ብር የወሰዱት ለዚህ ነው። ነሐስ የሚባል አልተሰጠም።

ሁሉም ውሳኔያቸው እንዲህ አንጀት አርስ አይደለም። በ2009 ሮም ላይ በዓለም ሻምፒዮና ዋናተኞቹ ፕላስቲክ መሰል ልብስ ለብሰው 43 የዓለም ሪከርድ ሰበሩ። ፖል ቢደርማን የኢያን ቶርፕን የ400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሪከርድ በ0.01 ሰከንድ አሻሻለ፤ እሱም እስከ 2025 ቆየ። ልብሱ ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ ታገደ፣ ሪከርዶቹ ግን ጸንተው ቀሩ። ልብሱ ጥፋት ከሆነ ሰዓቱ እንዴት ንጹሕ ይሆናል? ለእኔ ይሄ ፍርድ አልተዋጠልኝም።

በ2022 የፊና ሰዎች ስማቸውን ወርልድ አኳቲክስ ብለው ቀየሩ። የሚነኩን ግን በስማቸው ሳይሆን በደንባቸው ነው። በ2016 በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ 1:04.95 ገብቶ 59ኛ የወጣው የኛ ልጅ ሮቤል ኪሮስ ላይ ስንት ተሳቀ? ልጁ ሪዮ የደረሰው ሚኒማ (ለውድድሩ የሚያበቃውን ሰዓት) ያሟላ ዋናተኛ ለሌላቸው አገሮች ቢበዛ አንድ ወንድና አንድ ሴት በሚፈቅደው ደንብ ነው። በሩን ከፍተው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ማን እንደሚገባ የሚመርጠው ደግሞ የየአገሩ ፌዴሬሽን ነው። ክርክር ካማራችሁ እዚያ ላይ እንከራከር፣ ልጁን ተዉት።