እጃችንን ያሞቅንበት እሳት

ታኅሣሥ ነበር፣ ደብረ ብርሃን። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ስለሆነ የጠዋቱ ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። የአንድ ግቢ አሮጌ የብረት ቧንቧ እየነቀልን በፕላስቲክ እንተካ ነበር፤ የቡድኑ ኃላፊ እኔ ነኝ። የጥንቱ ወፍራም ቧንቧ እንደ ብሎን በጥርስ ተጠምዝዞ አይያያዝም። አንዱ በሌላው አፍ ውስጥ ይገባና ክፍተቱ በቃጫ ተጠቅጥቆ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል። (የመጻፊያው እርሳስ ስሙ ብቻ ነው፤ ይሄኛው መርዛማው ብረት ነው።) እኛ ደግሞ መገጣጠሚያውን በጋዝ እሳት እያቀለጥን ነበር የምናላቅቀው። ብርድ የመታቸው ልጆች እሳቱን ከበው እጃቸውን ሲያሞቁ አልከለከልኩም። እኔም ሞቄያለሁ።

ለጭሱ መድኃኒት ብለን የያዝነው ወተት ነበር። በየቀኑ ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሊትር ሳስመጣ ኃላፊነቴን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

በ4ኛው ሳምንት ከሁሉም ብርቱ የነበረው ልጅ ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ። «ጋሼ፣ ይቆርጠኛል። ሆዴም ከደረቀ 5 ቀኔ ነው።» ጨጓራ ነው አልኩት። ሐኪሙ ግን ሥራውን ጠይቆ ደሙን አስመረመረ፤ እርሳስ ተገኘ።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የጋዝ እሳት ከዚያ እጅግ አልፎ ስለሚሄድ ጭሱ ይነሣል፣ ሲቀዘቅዝም ደቃቅ አቧራ ሆኖ እጅና ልብስ ላይ ያርፋል። የጨርቅ ማስክ አያስቀረውም። ወተትም የገባውን አያወጣም፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ልጆቹን ልብ ብዬ አየኋቸው። ከቱታቸው ኪስ ቆሎ እየዘገኑ ይቅማሉ፤ የአንዱ መዳፍ ደብተር ሲያጠፋ የዋለ ተማሪ እጅ ይመስል ግራጫ ነው።

ማቅለጥ ቀረ። ቧንቧውን ከመገጣጠሚያው ስንዝር ያህል ርቀን፣ ውሃ እያፈሰስን በእጅ መቁረጫ እንቆርጣለን፤ መገጣጠሚያው ሳይነካ እንዳለ ይወጣል። ግራይንደር አቧራ ስለሚበትን አይጠጋውም። የወተቱን ገንዘብ ለሳሙናና ለቅያሪ ቱታ አዋልኩት። ውርጭ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የሚታጠብ ስለሌለ አንድ በርሜል ውሃ ጠዋት ይሞቃል። ቱታው እዚያው ታጥቦ ያድራል፤ ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ደማቸው ያስገባሉና ቤት አይሄድም።

ይህን ሳስረዳ የታመመው ልጅ እጁን አወጣ። የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለችው።

«ጋሼ፣ ጋቢዬስ? ቀን እዚህ እደርበዋለሁ፣ ማታ እሷን አለብሳታለሁ።»

ጋቢውን አላሰብኩትም ነበር። በማግስቱ ሕፃኗን ይዘን ለምርመራ ሄድን።