የመዝሙር መጽሐፍ ልታሳትሙ ነው? መጀመሪያ የደራሲዎቹን ስም ነገር ጨርሱ

የመዝሙር መጽሐፍ ለማሳተም ያሰባችሁ አጥቢያዎች ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የደራሲዎቹ ስም የት እንደሚጻፍ በሽማግሌዎች ጉባኤ ወስኑ፤ በቃለ ጉባኤም አስፍሩት። ለበላይ አካል ከመላካችሁ በፊት፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁም በፊት። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

አጥቢያችን ያለው ኮዬ ፈጬ ነው። እዚህ ያለው ሰው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከየሰፈሩ የመጣ ነው። በቆርቆሮ አዳራሻችን ውስጥ ከመካነ ኢየሱስ የመጣ አለ፣ ከሙሉ ወንጌል የመጣ አለ፣ ከቃለ ሕይወት የመጣ አለ። ሁሉም የለመደውን ዝማሬ ይዞ ነው የመጣው። ያው መዝሙር ለአንዱ ሦስት ቁጥር አለው፣ ለሌላው አራት። አዝማቹ ላይ እንገናኝና እንደገና እንለያያለን። ግጥሙን በፕሮጀክተር እናሳይ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ይጠፋል። ያኔ እናቶች ዝም ይላሉ። መጽሐፍ ያስፈለገን ለዚህ ነው።

ግጥሞቹን መሰብሰብ አይከብድም። የመዘምራኑን ደብተር ሰበሰብን፣ ወጣቶቹ በስልካቸው ጻፉት፣ በቴሌግራም እየተላላክን አረምነው። የመጨረሻውን እርማት አንድ የአማርኛ መምህር ሠራልን። ፊደሉን ተለቅ አድርጉት፣ ጥረዛው ላይ አትቆጥቡ። በዚህ በኩል ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራው የሚጀምረው «ይህን ማን ጻፈው?» ሲባል ነው።

ከውጭ ቋንቋ የተመለሱት ይሻላሉ፤ ታሪካቸው ተጽፏል። ግን ተጠንቀቁ። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የሠራውና ወደ አማርኛ የመለሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «አሜዚንግ ግሬስ»ን የጻፈው ጆን ኒውተን ነው። የባሪያ ንግድ መርከብ ካፒቴን ነበር፤ በኋላ ቄስ ሆነ። ግጥሙ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው። ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ዜማ የገባለት ግን በ1835 ነው፤ ኒውተን ከሞተ 28 ዓመት አልፎ። ኢየሱስ እንዴት ያለ ወዳጅ እንደሆነ የሚናገረውን የታወቀ መዝሙር ጆሴፍ ስክሪቨን በ1855 የጻፈው እሱ ካናዳ ሆኖ አየርላንድ ያለች እናቱን ለማጽናናት ነው። ዜማው የቻርልስ ኮንቨርስ ነው፤ የተሠራው በ1868።

ሆራሺዮ ስፓፎርድ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1873 ሚስቱና አራት ሴት ልጆቹ የተሳፈሩበት መርከብ አትላንቲክ ላይ ተጋጭቶ ሰጠመ። ሚስቱ ተረፈች፣ አራቱም ልጆች ሞቱ። «ነፍሴ ደኅና ናት» የሚለውን ቃል የጻፈው ይህ ሰው ነው፤ ዜማው የፊሊፕ ብሊስ ነው። ይህን ለመዘምራኖቻችን ስነግራቸው ልምምዱ ቆመ። ያንን መዝሙር ሁልጊዜ በጭብጨባና በፍጥነት ነበር የሚዘምሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አይቸኩሉበትም። ታሪኩን ያወቁት ስሙን ስለጠየቅን ነው፤ ስም ከሌለ ታሪኩን የሚይዘው ነገር የለም።

ፋኒ ክሮዝቢ በሕፃንነቷ ዓይኗን ያጣች ሴት ነበረች። ከ8000 በላይ መዝሙር ጽፋለች። አሳታሚዎች በአንድ መጽሐፍ የእሷ ስም እንዳይበዛ ስለፈለጉ ብዙዎቹ በብዕር ስም ነው የወጡት። በእኛም አገር ብንሄድ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም የተርጓሚው የኦነሲሞስ ነሲብ ስም ይነሣል፤ ይገባዋልም። አስቴር ጋኖ ግን አብራው የሠራች፣ የሕዝቡን ተረትና ዘፈን የሰበሰበች ሴት ሆና ስሟን የማያውቅ አማኝ ብዙ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

የአገራችን መዝሙሮች ናቸው ያስቸገሩን። መጀመሪያ የምነግራችሁ፣ ዘማሪው ሁልጊዜ ደራሲው አይደለም። ዩቲዩብ ላይ የሚታየውን ስም ወስዳችሁ እንዳትጽፉ። የድሮ ካሴት ካገኛችሁ ልባሱን አንብቡ፤ «ግጥምና ዜማ» የሚል መስመር ይኖረዋል። ካሴት ከሌለ ሰው ጠይቁ። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙር የቆየው በቤት ውስጥ ጸሎትና በእጅ በተጻፈ ደብተር ነው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በዚያ ዘመን 7 ዓመት ታስሯል፤ የእሱን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቃል። ስማቸው ካሴት ላይ ያልወጣ ግን ብዙ ናቸው።

ከነዚህ አንዷን ገላን አካባቢ አገኘናቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሁላችንም የአንድ የታወቀ ዘማሪ የሚመስለንን መዝሙር የደረሱት እሳቸው ናቸው። ደብተራቸውን አወጡልን፤ የተሠረዙት ስንኞች ሳይቀሩ አሉበት። ፈቃድ ስንጠይቃቸው «ልጄ፣ መዝሙሩ የጌታ ነው፣ ውሰዱት» አሉ። ፈቃዱን በጽሑፍ እንዲሰጡን ለመንናቸው፤ ፈረሙ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሰዎቹ «አያስፈልግም» ይሏችኋል፤ እሺ አትበሉ። አንድ ገጽ ትበቃለች፦ የመዝሙሩ መነሻ ስንኝ፣ የደራሲው ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። ደራሲው ከሞተ ወራሾቹ ይፈርሙ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ትርጉምንም ይጠብቃል። ኒውተን የሞተው ከ200 ዓመት በፊት ቢሆንም ግጥሙን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ትናንት የነበረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ።

መጽሐፉ የቤተክርስቲያኒቱን ስም ይዞ እንዲወጣ የበላይ ጽሕፈት ቤቱ ማየት አለበት። ረቂቁን ጠርዘን፣ ደብዳቤ ጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን ወሰድን። ከኮዬ መሃል ከተማ ማለት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መዝገብ ቤት ተቀበሉን። ከዚያ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተጀመረ። ከስብሰባ ሲወጡ መስክ ናቸው። ከመስክ ሲመለሱ ረቂቁ የት ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የሚያውቅ የለም። በዚህ መሃል የወረቀት ዋጋ ጨመረ፤ ማተሚያ ቤቱ የመጀመሪያውን ዋጋ አልቀበልም አለ።

በመጨረሻ ረቂቁ ወጣ። ስገልጠው ከእያንዳንዱ መዝሙር ሥር ያለው ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ሁሉም። የኒውተን፣ የክሮዝቢ፣ የተስፋዬ፣ የገላኗ እናት። ግጥሙ ላይ አንድም እርማት የለም። ያ ሁሉ ጊዜ ያለፈው ስም ለመሰረዝ ነው።

ኃላፊው ጋ ገባሁ። «እህቴ፣ ክብሩ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ሰው ከፍ ከፍ እንዲል አንፈልግም» አሉኝ። መመሪያ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «አሠራራችን ነው» አሉ። የተጻፈ ነገር ካለ ይስጡኝ አልኩ። የተጻፈ የለም። አዋጁ የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲገለጽ የሞራል መብት ይሰጠዋል ብል፣ «እሱ ለዘፋኞችና ለነጋዴዎች ነው» አሉኝ። አዋጁ መዝሙርን ለይቶ አላወጣም። ጥበቃውም ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ምዝገባ እንኳ አይጠይቅም።

ከሕጉ ይልቅ ያናደደኝ ግን መጽሐፍ ቅዱሱ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። መዝሙረ ዳዊትን ገልጬ አሳየኋቸው። «የዳዊት መዝሙር» ይላል። «የአሳፍ መዝሙር» ይላል። «የቆሬ ልጆች» ይላል። አንዱ «የሙሴ ጸሎት» ይላል። መንፈስ ቅዱስ የአሳፍን ስም ካላጠፋ፣ የጡረተኛ መምህርት ስም የእግዚአብሔርን ክብር እንዴት ይቀንሳል? ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን የቅዱስ ያሬድን ስም እስከ ዛሬ ያነሣሉ። የያሬድ ዜማ ስለተባለ ምስጋናው ለያሬድ ሆኗል የሚል አለ? ኃላፊው አዳመጡኝና «በኮሚቴ ይታያል» አሉ።

ኮሚቴው አየ። ውሳኔው፣ ስሞቹ ከመዝሙሮቹ ሥር ወጥተው መጨረሻ ገጽ ላይ በዝርዝር ይግቡ የሚል ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ደክሟቸው ተስማሙ። እኔ አልተስማማሁም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማሁም። አምልኮ ላይ ቆሞ የሚዘምር ሰው መጨረሻ ገጽ አይገልጥም።

መጽሐፉ ወጣ፤ ያምራል። መብራት ቢጠፋም እናቶች ቁጥሩን ጠርተው፣ ስልክ አብርተው ይዘምራሉ። በዚህ በጣም ደስ ይለኛል።

እንደ እኔ ለሚነሡ ጥቂት ነገር ልበል። የድጋፍ ደብዳቤ ሳታገኙ መረጃ እንዳትሰበስቡ ይነግሯችኋል። አትጠብቁ። አዛውንቶቹ ደብዳቤያችሁን አይጠብቁም፤ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ አዳምጧቸው፣ ድምፃቸውን ቅዱ፣ ደብተራቸውን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡ። ደብተሩን ግን ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለተኛ፣ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ደራሲው ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ የሚለውን ምክር አልወድም። «ከእገሌ ደብተር የተገኘ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጥሎ የሚፈልግ ሰው መነሻ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ረቂቅ ስትልኩ የአጥቢያችሁን ቃለ ጉባኤ አያይዙ፤ ከአንድ ሰው ጋር መከራከርና ከአጥቢያ ጉባኤ ጋር መከራከር አንድ አይደለም።

የእኛ ጉባኤ አሁን ለሁለተኛው እትም ወስኗል፤ ተፈርሟል። ስሞቹ ወደ ቦታቸው፣ ከመዝሙሩ ሥር ይመለሳሉ። የበላይ አካሉ ካልፈቀደ የአጥቢያችንን ስም ብቻ ይዞ ይወጣል። ደራሲያቸው ገና ያልተገኘ መዝሙሮች አሉን። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን ወይም አቃቂ የምትኖሩ፣ እናት አባታችሁ በደርግ ጊዜ የጻፉት የመዝሙር ደብተር ቤታችሁ ካለ ኮዬ ብቅ በሉና ለመዘምራኑ አሳዩ። ወይም ንገሩን፣ እኛ እንመጣለን።