ሰባቱ

ላስ ቬጋስ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ሆቴል ክፍል አጽጂ ነበርኩ። አንድ ቀን ካጸዳሁት ክፍል የወርቅ ሰዓት ጠፋ ተባለና ጥበቃ ቢሮ አስጠሩኝ። ኪስሽን አራግፊ ሲሉኝ አራገፍኩ፤ የወጣው የቤቴ ቁልፍና ክሩ የተበጠሰው መስቀሌ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ሌባ ተቀምጬ ከቆየሁ በኋላ እንግዳው ሰዓቱን ከገዛ ጫማው ውስጥ አገኘው። «ወደ ሥራሽ ተመለሺ» አሉኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ቴሌቪዥን ስከፍት አንድ የድሮ የካውቦይ ፊልም አገኘሁ፤ «ዘ ኦክስ ቦው ኢንሲደንት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣ፣ በአነስተኛ ወጪ በአብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እዚሁ እኔ በምኖርበት ኔቫዳ፣ በ1885 ነው። አንድ ከብት አርቢ ተገደለ የሚል ወሬ ይናፈሳል። የመንደሩ ሰዎች ፈረስ ጭነው ይወጡና ሦስት መንገደኞችን ከተኙበት ይይዛሉ። ከብቶቹን ገዝተን ነው ቢሉም ደረሰኝ የላቸውም። ሊነጋ ሲል፣ ለፍርድ ቤት ይሰጡ የሚል ካለ ወደዚህ ይለይ ይባላል። ሰባት ሰው ብቻ ይለያል።

ከሰባቱ አንዱ ጥቁር ሰባኪ ነው፤ ልጅ ሳለ ወንድሙ ያለ ፍርድ ሲሰቀል አይቷል። ተዋናዩ ሊ ዊፐር በዚያው ዓመት በሌላ ፊልም ጃንሆይን ሆኖ መጫወቱን በኋላ ሳነብ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሦስቱም ተሰቀሉ። ሰቃዮቹ ገና ሲመለሱ ሞተ የተባለው ሰው በሕይወት እንዳለ ሰሙ። መጠጥ ቤት ተሰብስበው ለአንደኛው ሟች ሚስት 500 ዶላር አዋጡ። ይህ አንገበገበኝ! ከሰባቱ አንዱን የሚጫወተው ሄንሪ ፎንዳ፣ ሟቹ ከመሰቀሉ በፊት ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ ሲያነብ የጓደኛው ባርኔጣ ጠርዝ ዓይኖቹን ይሸፍናቸዋል። የሚታየው የሚንቀሳቀስ አፉ ብቻ ነው። እዚያ ላይ አለቀስኩ።

ያን ቀን በጥበቃ ቢሮ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሜክሲኳዊት ባልደረባዬ ማንም ሳይጠራቸው ገብተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው። «እኔ አውቃታለሁ» ብቻ አሉ፤ ተነሡ ቢባሉም አልተነሡም። ሰባቱ ከሕዝቡ ሲለዩ ያየሁት የእርሳቸውን ፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከእኛ አንዷ ወደዚያ ቢሮ ስትጠራ ጋሪዬን ኮሪደር ላይ ትቼ አብሬያት እሄዳለሁ።