የእማዬን ፊት መልሱልኝ

የነገሩ መነሻ አንዲት 8 ጊጋ ፍላሽ ናት። የአራት ሰዓት ሠርግ፣ ከቤት መውጫ እስከ መልስ፣ እዚያች ላይ ይግባ ተባለ። አለቃችን ጋሼ ከዚያ በላይ ፍላሽ ሲገዛ ያመዋል። «ሰው የሚያየው ሙሽራዋን ነው፣ ጊጋውን አይደለም» ይላል።

ቪዲዮውን ኤክስፖርት የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሲአርኤፉን፣ ማለትም የጥራት ቁጥሩን፣ 28 ላይ አደረግኩት። ቁጥሩ ሲጨምር ጥራቱ ይወርዳል፤ ቪዲዮውን የሚጨምቀው ኢንኮደር፣ ኤክስ 264፣ ካልነካኩት ራሱ 23 ላይ ነው የሚቀመጠው። ግን ዝም ብዬ አይደለም ያደረግኩት፣ ሞክሬ ነው። ከጠዋቱ አንድ ደቂቃ ቆረጥኩ። ፀሐይ፣ ነጭ ቬሎ፣ አረንጓዴ ግቢ። በላፕቶፔ አየሁት፤ ምንም አይልም። ሁሉንም አወጣሁትና 7 ጊጋ ገደማ መጣ። ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል ፍላሿ ስለማትቀበል ለሁለት ከፈልኩት። በራሴ ኮርቼ ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን የሙሽራዋ እናት ፍላሿን ይዘው መጡ። አልተቆጡም፤ እሱ ነው የከፋው። ትልቁ ቲቪ ላይ ሰኩልኝ አሉ፣ ሰካን። መልሱ ላይ አያትየው ቆመው ይመርቃሉ። አዳራሹ ደብዛዛ ነው፣ ሻማ አለ፣ የእጣን ጭስ ይተማል።

«እማዬን ምን ቀባችኋት?» አሉ።

ቀረብ ብዬ አየሁ። የሰማንያ ዓመት ሴትዮ ፊት እንደ እንቁላል ልሟል። አንድ መጨማደድ የለም። ግንባራቸው ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ጠፍቷል። ከኋላቸው ያለው ጭስ ደግሞ ካሬ ካሬ ሆኖ ነው የሚሄደው። ኢንኮደሩ መቆጠብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚበላው እንዲህ ያለውን ነው፤ ጨለም ያለ ቦታ ላይ ያለ ስስ ነገር። እኔ ደግሞ የሞከርኩት ፀሐይ ላይ!

ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ እሱ ማሳመሪያ ነው። ሌላውን እናስከፍላለን፣ ለእርስዎ በነፃ ነው።»

እኔ አንገቴን ደፍቼ የኪቦርዱን አቧራ እጠርጋለሁ። ሴትዮዋ ጋሼን ቆየት ብለው አዩት።

«እንግዲያው ያሳመርከውን አንሳልኝ። ያንን መስመር ያወጣነው እኛ ልጆቿ ነን።»

ሚሞሪ ካርዶቹ በማግስቱ ለሌላ ሠርግ ፎርማት ተደርገዋል። የጋሼ ሕግ ነው። ያዳነን የኔ ስንፍና ነው፤ ኮፒውን ከሃርድ ዲስክ ላይ ማጥፋት ተሰላችቼ ትቼው ነበር። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ «ጠንቃቃ ልጅ ነው ያለኝ» እያለ ያወራል፣ እኔም አላርመውም።

18 ላይ እንደገና አወጣሁት። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋ አደረ። 22 ጊጋ። መጨማደዱ መጣ፣ መስቀሉ መጣ፣ ጭሱም ጭስ ሆነ። ባለ 32 ፍላሹን ጋሼ ከኪሱ ገዛ፤ ሲከፍል ያየሁት ደስታ የወር ደመወዜን ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ የምሞክረው ሁልጊዜ በጣም ጨለማውን አንድ ደቂቃ ነው፣ የማየውም በቲቪ። 18ን አልፌም አላውቅ። ሃርድ ዲስኮቻችን ስለሞሉ አሁን ደግሞ በሱ እንጣላለን።

እናትየው መጥተው አዩ፣ እንባቸውን ጠረጉ፣ መረቁን። ሊወጡ ሲሉ፣ «ያቺን የእማዬን ምርቃት ዋሽንግተን ላለችው እህቴ በቴሌግራም ላክልኝ» አሉ። እንደ ፋይል ልላክ ስል ጋሼ ስልኩን ተቀብሎኝ እንደ ቪዲዮ ላከው። ቴሌግራም ጨመቀው።

መልሱ የመጣው ሴትዮዋ ሻይ እየጠጡ ሳሉ ነው። ድምፁን ከፍ አድርገው አሰሙን።

«ውይ እማዬ! ፊቷ እንዴት አምሮባታል! ምን ቀብታችኋት ነው?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ።