የነገን ነገር በስፓኒሽ መናገር እንዴት ለመድኩ

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው ጎዳና አቅራቢያ ባለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አትክልት እያጠብኩና እየከተፍኩ ነበር የምሠራው፤ ከእኔ በቀር የወጥ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ስለነበሩ ቀኑ የሚውለው በስፓኒሽ ነው። አንድ ቀን በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ አንዲት ሴት ከምድጃው በኩል ጠሩኝ። እጄ ሽንኩርት ላይ ስለነበር፣ በቤታችን «መጣሁ!» እንደምንለው «ቢኔ!» ብዬ መለስኩ። ሴትየዋ ዞር ብለው ቢያዩኝ ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም። «ቢኔ» በእርግጥ «መጣሁ» ማለት ነው፤ ነገር ግን በስፓኒሽ ይህን የሚለው መጥቶ የደረሰ ሰው ብቻ ነው። ሊመጣ ያለ ሰው «ያ ቦይ» ይላል፤ ቃል በቃል ቢተረጎም «አሁን እሄዳለሁ» እንደ ማለት ነው። ወጣ ብሎ ወዲያው የሚመለስ ደግሞ «ያ ቤንጎ» ይላል። እኛ ላልሆነ ነገር የኃላፊ ጊዜ ግስ ስንጠቀም፣ እነሱ ለመምጣት «እሄዳለሁ» ይላሉ።

አማርኛን ስናገረው እንጂ ሳስበው አልኖርኩም ነበርና፣ ገና ላልሆነ ነገር የራሱን መንገድ እንዳበጀ፣ ያንንም መንገድ ሳላውቀው ተሸክሜ ወደ ሌላ ቋንቋ እንደገባሁ የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት በስልኬ በጫንኩት መተግበሪያ ለአራት ወር ያህል ተምሬ፣ ፖሙ ቀይ እንደሆነና ልጁ ወተት እንደሚጠጣ መናገር ችዬ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ስለ ፖሙ ቀለም የሚያወራ የለም። የሚወራው ነገ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያርፍ፣ ዓሣው መቼ እንደሚመጣ፣ ቅዳሜ ስንት ሰው እንደሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የመተግበሪያውን ቅደም ተከተል ትቼ፣ የኃላፊ ጊዜን እንኳ ሳልነካ፣ በቀጥታ ወደ ዕቅድ አነጋገር ተሻገርኩ። በየማታው አንድ ትንሽ ደብተር ላይ ስለ ነገው ቀኔ ሦስት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ በማግስቱ በምሳ እረፍት ለሴትየዋ አነባቸዋለሁ፤ እሳቸውም ያርሙኛል። ዓረፍተ ነገሮቹ የእውነት ዕቅዶቼ መሆናቸው ብዙ ረድቶኛል፤ ስላልነበረኝ ጉዞ ወይም ስላልነበረኝ መኪና ብጽፍ ኖሮ ሴትየዋ «ታዲያስ፣ ደረስክ?» ብለው በሦስተኛው ቀን ባልጠየቁኝ ነበር።

ከሁሉ የቀለለኝ አዲስ ቅርጽ የማይጠይቀው አነጋገር ነው። አማርኛ «እሠራለሁ» ሲል ዘወትር መሥራቴንም ነገ መሥራቴንም በአንድ ቅርጽ ይናገራል፤ ጊዜውን የሚለየው «በየቀኑ» ወይም «ነገ» የሚለው ቃል ነው። ስፓኒሽም ነገሩ የተቆረጠ ሲሆን እንዲሁ ያደርጋል። «ማኛና ትራባኾ» ነገ እሠራለሁ፣ «ኤል ሳባዶ ዴስካንሶ» ቅዳሜ አርፋለሁ ማለት ነው፤ ሁለቱም የአሁን ጊዜ ግሶች ናቸው። ስለዚህ ከግሱ በፊት የጊዜ ቃላቱን ያዝኩ፦ ኦይ ዛሬ፣ ማኛና ነገ፣ ፓሳዶ ማኛና ከነገ ወዲያ፣ ላ ሴማና ኬ ቢዬኔ የሚመጣው ሳምንት። «ማኛና» ነገ ብቻ ሳይሆን ጠዋትም ማለት ስለሆነ «ነገ ጠዋት» ሲባል «ማኛና ፖር ላ ማኛና» ይሆናል፤ መጀመሪያ ስሰማው ተናጋሪው የተንተባተበ መስሎኝ ነበር።

ለብዙ ሳምንታት ያሰናከለኝ ሁሉም መማሪያ ቀላል ነው የሚለው ክፍል ነው። ስፓኒሽ «ልሠራ ነው» የምንለውን የሚገልጸው «መሄድ» በሚለው ግስ ነው፦ «ቦይ ኣ ትራባኻር» ልሠራ ነው፣ «ባስ ኣ ትራባኻር» ልትሠራ ነው፣ «ባ ኣ ትራባኻር» ሊሠራ ነው፣ «ባሞስ ኣ ትራባኻር» ልንሠራ ነው፣ «ባን ኣ ትራባኻር» ሊሠሩ ነው። አንድ ግስ፣ አምስት ቅርጽ፣ ከዚያ «ኣ»፣ ከዚያ ሳይለወጥ የሚቀመጥ ግስ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ በደብተሬ ላይ ደጋግሜ የጻፍኩት «ቦይ ኣ ትራባኾ» የሚል ነበር፤ ሁለቱንም ግስ በ«እኔ» ቅርጽ ማለት ነው። ሴትየዋ በእርሳስ «ኾ» የምትለዋን ይሰርዙና «ኻር» ብለው ያስተካክላሉ፤ በማግስቱ እንደገና እሳሳታለሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። በአንድ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የአማርኛውን እና የስፓኒሹን ከላይና ከታች አድርጌ ስጽፍ፣ በአማርኛው «ነው» አንድም ጊዜ እንዳልተለወጠ አየሁ። ልሠራ ነው፣ ልትሠራ ነው፣ ሊሠራ ነው፣ ልንሠራ ነው። ባለቤቱን የሚነግረን የሥራው ግስ ራሱ ነው፤ «ነው» እንደ ቆመ ይቀራል። በስፓኒሽ ደግሞ ባለቤቱን የሚሸከመው ረዳቱ ነው፤ የሥራው ግስ «ትራባኻር» እንዳለ ይቀመጣል። እኔ በልማዴ የሥራውን ግስ ከባለቤቱ ጋር ሳስማማ፣ በተማርኩት ደንብ ደግሞ ረዳቱን ሳስማማ፣ ሁለት ጊዜ «እኔ» እያልኩ ነበር። አንድ ነገር ግን ይገጥማል፤ በሁለቱም ቋንቋ ፊተኛው ቃል ይለዋወጣል፣ ኋለኛው ይቆማል። «ልሠራ» ሲለዋወጥ «ነው» ይቆማል፤ «ቦይ» ሲለዋወጥ «ትራባኻር» ይቆማል። ይህንን በደብተሬ የፊት ሽፋን ላይ ከጻፍኩ በኋላ ስህተቱ በሳምንት ውስጥ ጠፋ። ማንም ስፓኒሽ አስተማሪ ይህንን ሊነግረኝ አይችልም ነበር፤ አማርኛ አያውቅማ።

ሁለቱ አነጋገሮች የሚራራቁበት ቦታም አለ። «ልሠራ ነው» ስንል ነገሩ ቀርቧል፣ ዛሬ ወይም ነገ ነው። «ቦይ ኣ» ግን ሩቅም ይሄዳል፤ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ከሁለት ዓመት በኋላ ቤት እንደሚገዛ ሲናገር «ቦይ ኣ ኮምፕራር» ነው የሚለው። እኔ በአማርኛ «ልገዛ ነው» ብል ሰው ነገ ውል የምፈርም ይመስለዋል። «ልገዛ አስቤአለሁ» ለማለት ደግሞ ስፓኒሽ ምንም ሳያንዛዛ «ፒዬንሶ ኮምፕራር» ይላል፤ ይህ አባባል እንደኔ አስተያየት ለጀማሪ ከሁሉ በላይ ይጠቅመዋል፣ ቃል ሳይሰጡ ዕቅድ መናገር ያስችላልና።

መናገሩ ከተስተካከለ በኋላም መስማቱ አስቸገረኝ። መሀል ላይ ያለችው «ኣ» ከጎኗ ሌላ «ኣ» ሲገጥማት ትዋጣለች። «ባ ኣ ኣብሪር»፣ ሊከፍት ነው፣ በጆሮዬ የሚገባው «ባብሪር» ሆኖ ነው። ስለዚህ ለወራት «ኣ» የሌለች መስሎኝ ስጽፍም እተዋት ነበር፤ ስትጻፍ ግን የግድ ትኖራለች። «ባሞስ ኣ ኮሜር» የሚለው ደግሞ «ልንበላ ነው»ም «እንብላ»ም ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሰዎቹ ሳህን ማንሳት አለማንሳታቸውን በማየት ነው።

ትልቁ ጉዳት የደረሰብኝ ግን በሰዋስው አይደለም፣ በሰዓት ነው። ሴትየዋ አንድ ሐሙስ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው እሳቸውን ተክቼ ልገባ ተስማማን። በኩራት፣ አንድም ግስ ሳላበላሽ፣ «ቦይ ኣ ዬጋር ኣ ላስ ዶስ» አልኳቸው፤ በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ ማለቴ ነበር። በእንግሊዝኛ ሰዓት ስናገር ለዓመታት ተሳስቼ አላውቅም፤ በስፓኒሽ ግን ገና ከአማርኛ እየተረጎምኩ ስለምናገር የሀገር ቤቱ ሰዓት አብሮ ወጣ። «ላስ ዶስ» ለእሳቸው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ነው። ፊታቸው ቅር ሲለው አይቼ ነበር፤ ግን ቋንቋዬ ያስገረማቸው መሰለኝ። ሐሙስ ጠዋት ስደርስ እሳቸው ቀጠሯቸውን ሰርዘው ምድጃው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ያን ዕለት ያልኩት «ይቅርታ» በየትኛውም ቋንቋ በቂ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስናገር «ኣ ላስ ኦቾ ዴ ላ ማኛና» እያልኩ የቀኑን ክፍል ሳልጨምር አልጨርስም፤ በጣቴም ስምንት አሳያለሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ሁለተኛውን የወደፊት ጊዜ ቅርጽ፣ በአንድ ቃል የሚያልቀውን፣ ተማርኩ፦ ትራባኻሬ፣ ትራባኻራስ፣ ትራባኻራ፣ ትራባኻሬሞስ፣ ትራባኻራን። መነሻ ግሱ እንዳለ ይቀመጥና መድረሻው ይቀጠልበታል፤ በሦስቱም የግስ ክፍሎች፣ በ«ኣር»፣ በ«ኤር»ም ሆነ በ«ኢር» በሚያልቁት፣ መድረሻዎቹ አንድ ናቸው። መነሻቸው የሚለወጥ ዋና ዋና ግሶች አሥራ ሁለት ያህል ናቸው፣ ቴንድሬ ይኖረኛል፣ ኣሬ አደርጋለሁ፣ ዲሬ እላለሁ፣ ሳልድሬ እወጣለሁ፣ ቤንድሬ እመጣለሁ የመሳሰሉት፤ እነሱን በቃል ከማጥናት ሌላ ዘዴ የለም። ያስደነቀኝ አፈጣጠሩ ነው። ይህ መድረሻ ጥንት ራሱን የቻለ ቃል ነበር፤ «ትራባኻር» የሚለው ከ«ኤ»፣ ማለትም «አለኝ» ከሚለው ረዳት ግስ፣ ጋር ተጣብቆ «ትራባኻሬ» ሆነ። የስፔኑ ምሁር አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሳተመው የካስቲሊያ፣ ማለትም የስፓኒሽ፣ ሰዋስው ላይ ይህን ጥምረት አስተውሎታል። አማርኛውን እንየው፤ «እሠራ» እና «አለሁ» ተጣብቀው «እሠራለሁ» ሆኑ። የኛም «አለ» መኖርንም («አለ») ባለቤትነትንም («አለኝ») የሚናገር ቃል ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው ረዳት ግስን ከኋላ ለጥፈው የነገን ነገር ይናገራሉ። ይህን ካየሁ በኋላ ቅርጹ ባዕድ መሆኑ ቀረ።

ይሁን እንጂ በወጥ ቤቱ ይህን ቅርጽ ለዕቅድ ሲጠቀሙበት የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። እኔ «ማኛና ትራባኻሬ» ስል ወጣቶቹ እንደ ካህን ነው የምትናገር ይሉኝ ነበር። እነሱ የሚጠቀሙበት ለሌላ ነገር፣ ለግምት ነው። አንድ ምሽት ሰዓት ስንት እንደሆነ ስጠይቅ አንዱ ቀና ሳይል «ሴራን ላስ ኦቾ» አለኝ። ቃሉን ለብቻው ስተረጉመው «ስምንት ይሆናሉ» ሆነብኝና፣ መቼ ነው የሚሆኑት ብዬ ግራ ተጋባሁ። ከዚያ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ አማርኛው ልክ እንደዚሁ ነው። «ሁለት ሰዓት ይሆናል» ስንል ስለ ወደፊቱ እየተናገርን አይደለም፣ እየገመትን ነው። «ዶንዴ ኤስታራ?» የት ይሆን? «ኣብራ ዬጋዶ» ደርሶ ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብዙ ገጽ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው ይህ ክፍል ለእኛ «ይሆናል» በሚል አንድ ቃል ያልቃል።

ፊደላችን በአንድ በኩል ረዳኝ፣ በሌላ በኩል ጎዳኝ። «ኝ» እና «ኽ» ስላሉን ማኛናንም ትራባኻርንም እንደሚነበበው መጻፍ ቻልኩ። ግን ፊደላችን ድምፁ የሚበረታበትን ቦታ አያሳይም፤ «ትራባኻራ» የመጨረሻው «ራ» ሲበረታ «ይሠራል»፣ መሀሉ «ኻ» ሲበረታ ደግሞ «ቢሠራ» ወደሚል ሌላ ቅርጽ ይለወጣል። የኛው «ገና» እንደ አነባበቡ በዓሉንም «ገና ነው»ንም እንደሚሆነው ነው። መፍትሔዬ ከሚበረታው ፊደል ሥር ነጥብ ማድረግ ሆነ።

የመጨረሻው ችግር «ኩዋንዶ» ነው፤ «ስ…» የምንለው፣ ስጨርስ፣ ስደርስ። «ስጨርስ» ገና ያልሆነ ነገር ስለሆነ ከ«ኩዋንዶ» ቀጥሎ የወደፊት ጊዜውን አስገባሁ፣ ሴትየዋም በእርሳሳቸው ሰረዙ። ትክክሉ «ኩዋንዶ ቴርሚኔ» ነው፣ የምኞትና የጥርጣሬ በሚባለው ቅርጽ። ደንቡን በቃሌ ከመያዝ ይልቅ አማርኛዬን አዳመጥኩ፤ እኛም «ስጨርሳለሁ» አንልም። «እጨርሳለሁ» ከ«ስ» ጋር ሲሆን ያ «አለሁ» ይወድቃል። እነሱም የወደፊቱን መድረሻ ከዚያ ቦታ ላይ ይጥሉታል። ጥያቄ ሲሆን ግን («ኩዋንዶ ባ ኣ ቤኒር?» መቼ ነው የሚመጡት?) ይፈቀዳል።

ሴትየዋን የማናግራቸው በ«ኡስቴድ» ነው፤ ግሱ እንደ «እርስዎ» በሦስተኛ መደብ ይሄዳል። እሳቸውም ማንኛውንም የነገ ነገር ሲጨርሱ «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ሳይሉ አያቆሙም፤ የኛ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ነው። ደብተሬ ላይ ስለሌለበት አንድ ጊዜ ሁሉም ሰዋስው ትክክል የሆነ ዓረፍተ ነገሬን መለሱልኝ፤ አንድ ነገር ይጎድለዋል ብለው። ባለፈው ወር በኤል ሳልቫዶር ወዳለችው ሳን ሚጌል ሊሄዱ ሲሉ ሌሊቱን አውሮፕላን ጣቢያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ስንለያይ «ኩዋንዶ ዬጌ፣ ሌ ያሞ፣ ፕሪሜሮ ዲዮስ» አሉኝ። ስደርስ እደውልልሃለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድም የወደፊት ጊዜ ቅርጽ የለም፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ወደ ቤት እየነዳሁ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወሉ።