ሁለት ጊዜ ተሸንፈው ለገና የደረሱ ልጆች

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ ወገኖቼ! አገር ቤት ያላችሁ፣ በየአረብ አገሩ ያላችሁ፣ እዚህ አሜሪካ ኮሎምበስ ከእኔ ጋር በረዶ የምትዝቁ ሁሉ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

ዛሬ ታህሣሥ 28 ቀን 2017 ነው፣ የገና ዋዜማ። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ እሳት ላይ ነው። ባለቤቴ ዶሮውን በሎሚና በጨው እያሸች ታጥባለች፣ 12ቱም ብልት መሙላቱን ትቆጥራለች። ማታ ቤተ ክርስቲያን ነን። እስከዚያ ያለችኝን ሰዓት ለእናንተ ልጽፍባት ቁጭ ብያለሁ።

ሌላ ጊዜ ለገና የምጽፈው ሦስት አራት መስመር ነው። ጤና፣ ሰላም፣ ፍቅር ብዬ እዘጋዋለሁ። ዘንድሮ ግን ከኅዳር ጀምሮ ውስጤ የሚመላለስ ነገር አለ፣ ነገሩም ከኳስ ጋር የተያያዘ ነው። ከእግር ኳስ ጋር አይደለም። አሜሪካኖቹ ፉትቦል ከሚሉት፣ ኳሷ እንደ እንቁላል ሾል ካለችው፣ በእጅ ይዘዋት ከሚሮጡት ጨዋታ ጋር ነው። በተለይ ደግሞ ልጄ ከምትማርበት ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር።

እዚህ ከተማ ያልኖረ ሰው ነገሩ ትንሽ ሊገርመው ይችላል። የሚጫወቱት ተማሪዎች ናቸው። 18፣ 20፣ 22 ዓመት ልጆች። ስታዲየማቸው ግን ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። እንደ ፈረንጆቹ በ1922 የተከፈተ ነው፣ ቅርጹ የፈረስ ጫማ ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠሩታል። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ቀይ ይለብሳል። እኔ የምሠራው ሹፍርና ስለሆነ የከተማውን ስሜት የማውቀው ከኋላ ወንበር ነው። ሲያሸንፉ መኪናው ውስጥ ይዘፈናል። ሲሸነፉ በር ሲዘጋ እንኳን ድምፅ አይሰማም።

ጨዋታውን ያስተማረኝ አንድ ጓደኛችን ነው። ስሙን አልጠራም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እዚህ በመጣሁ ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ እንሰበሰብ ነበር። እነዚህ ሰዎች ለምን ይላተማሉ ብዬ ስጠይቀው ረከቦቱን ወደ እኔ ሳበውና አምስት ሲኒ በአንድ መስመር ደረደረ። እነዚህ ከለላ ናቸው አለኝ። ከኋላቸው ጀበናዋን አስቀመጠ። ይቺ ኳርተርባክ ናት፣ ኳሷን የሚያድለው እሱ ነው። የስኳሩን ዕቃ ወደ ዳር ገፋ አደረገው፣ እሱ ሮጦ የሚቀበለው ነው። ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረኝ። አራት ሙከራ አላችሁ፣ በአራቱ አሥር ያርድ መሄድ አለባችሁ። ከሄዳችሁ እንደገና አራት ይሰጣችኋል። ካልሄዳችሁ ኳሱ የሌላው ነው። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ሲኒ ሲያንቀሳቅስ ዋለ። ባለቤቱ ሲኒዎቼን ብላ ጮኸችበት። እስከዛሬ ጨዋታ ሳይ የማየው እነዚያን ሲኒዎች ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ። ዘንድሮ የእነሱ ዓመት ነው የተባለበት ምክንያት ነበረው። ጃክ ሶየርን፣ ኤሜካ ኤግቡካን፣ ትሬቪዮን ሄንደርሰንን የመሳሰሉ ልጆች ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ሄደው ገንዘብ መቁጠር ሲችሉ አንድ ዓመት እንጨምር ብለው ቀሩ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። ቀንደኛ ተቀናቃኛችንን ሚሺጋንን ሳናሸንፍ፣ ዋንጫ ሳናነሳ አንሄድም ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲም ተዘዋውረው የመጡ አሉ፣ ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ ከካንሳስ ስቴት፣ ኬለብ ዳውንስ ከአላባማ። በዚያ ላይ ጄረማያ ስሚዝ የሚባል ገና አንደኛ ዓመት የሆነ ልጅ። ኳስ ሲይዝ ትልቅ ሰው ከሕፃናት ጋር የሚጫወት ነው የሚመስለው።

አጀማመራቸው ጥሩ ነበር። ጥቅምት 2 ኦሪገን ሄዱና በአንድ ነጥብ ተሸነፉ፣ 32 ለ 31። መጨረሻ ላይ ሃዋርድ ኳሷን ይዞ ሮጠ፣ ሜዳው ላይ ተንሸራቶ ሲነሳ ሰዓቱ አልቋል። አንድ ሰከንድ ቢተርፍ ኳሷን በእግር መትተው ነጥብ ለማግኘት መሞከር ይችሉ ነበር። ከዚያ ኔብራስካን በመከራ፣ 21 ለ 17። ፔን ስቴት ሜዳ ላይ ግን ያዩትን ሰዎች ልብ መለሱ፤ ባለሜዳዎቹ ግቡ አፍ ላይ ደርሰው አራት ጊዜ ሞከሩ፣ አራቱንም ጊዜ እንደ ግድግዳ ቆመው መለሷቸው፣ 20 ለ 13 አለቀ። ጾሙ ሊገባ ዋዜማ ደግሞ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈችውን ኢንዲያናን 38 ለ 15። አንድ ሳምንት ያስለቅሳሉ፣ አንድ ሳምንት ያስጨፍራሉ።

ከዚያ ሚሺጋን መጣ።

የሚሺጋን ሳምንት እዚህ ከተማ እንደ ሰሙነ ሕማማት ነው ብል ይከብድ ይሆናል፣ ግን ከተማው ዝም ብሎ አይውልም። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ባለው ጽሑፍ ላይ ሁሉ ኤም የምትለዋን ፊደል በቀይ ይሰርዟታል፣ ምክንያቱም የሚሺጋን መነሻ ናት። ልጄ የቤተ መጻሕፍቱን፣ የሕንፃውን፣ የመንገዱን ስም ፎቶ እያነሳች ትልክልኛለች፣ ሁሉም ላይ ቀይ መስቀል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈዋል። ዘንድሮ ግን ሚሺጋን ደካማ ነበረች፣ ስድስት አሸንፋ አምስት ተሸንፋ ነው የመጣችው። ሁሉም ሰው ያለቀ ነገር ነው ብሎ ነበር። እኔም ብያለሁ።

ቀኑ ኅዳር 21 ነበር፣ ኅዳር ጽዮን። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን መኪናው ውስጥ እንዳደረግኩ ሥራ ጀመርኩ። ጨዋታው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። በሬዲዮ ነበር የምሰማው። ጨዋታው አልሄድ አለ። ኳሱ ሁለት ጊዜ ተቀማ፣ ሁለት ምት ሳተ፣ መሐሉን በጉልበት እንሰብራለን እያሉ እዚያው እየተጋጩ ዋሉ። 45 ሰከንድ ሲቀረው ሚሺጋኖች መቱና አገቡ። 13 ለ 10። በገዛ ሜዳቸው፣ አራተኛ ዓመት።

ከስታዲየሙ አጠገብ የጫንኩት ሰውዬ ወደ ሰባ ዓመት ይሆነዋል። አንገቱ ላይ ባክአይ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ፣ ቡድኑ ስሙን የወሰደበትን፣ በክር ሰክቶ አጥልቋል። ቡናማ ነው፣ እንደ መቁጠሪያ ይመስላል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በመስታወቱ አየዋለሁ፣ አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቱ ያሻታል፣ ያሻታል። ቤቱ ስንደርስ በሩን ከፈተና አንድ እግሩን አውጥቶ ቆየ። “ልጆቹ አሁን የት ሄደው ይቀመጣሉ?” አለኝ። ስለ ውጤቱ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ያሰበው ልጆቹን ነው።

የዚያን ማታ በስልኬ ያየሁትን ስድብ ግን ባላየው ይሻለኝ ነበር። አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር፣ ኳርተርባኩ አይረባም፣ ልጆቹ ወኔ የላቸውም። ሜዳው መሐል ባንዲራ እንትከል ተብሎ የተነሳውን ድብድብ እተወዋለሁ፣ አያስነሳም። ልቤ ውስጥ የቀረው የሰውዬው ጥያቄ ነው። የት ሄደው ይቀመጣሉ?

እስከ አምና ቢሆን ዓመቱ እዚያ ላይ ነበር የሚያበቃው። ለአገር አቀፉ ዋንጫ የሚያልፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፣ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ቴሌቪዥን ላይ ሌላውን እያየ ይከርማል። ዘንድሮ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አሰፉት። አራት የነበረው 12 ሆነ፣ ልክ እንደ ዶሮው ብልት። ኦሃዮ ስቴትም 8ኛ ተብሎ ገባ። የተሻለ ቡድን ስለሆኑ አይደለም፣ ልጆቹ ኅዳር 21ም ታህሣሥ 12ም ያው ልጆች ናቸው። የተለወጠው በሩ ነው።

ከሽንፈቱ በኋላ ከአሰልጣኞቻቸው ጋር ተቀምጠው በግልጽ እንደተነጋገሩ ራሳቸው ተናግረዋል። ውስጥ ምን እንደተባለ የእነሱ ነው። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

ታህሣሥ 12፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከቴነሲ ጋር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሚሺጋን በኋላ ልባቸው የተሰበረ ብዙ ሰዎች ትኬታቸውን ሸጠው ነበር፣ ገዢዎቹ የቴነሲ ደጋፊዎች ሆኑና የስታዲየሙ ብዙ ቦታ ብርቱካን ለበሰ። ልጄን አደረስኳትና መኪናውን ራቅ ብዬ አቁሜ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ። ሬዲዮው ጥቂት ሰከንድ ስለሚዘገይ ጩኸቱ በአየሩ ቀድሞ ይመጣል፣ ምክንያቱ በሬዲዮ ተከትሎ ይደርሳል። ገና እንደተጀመረ አንድ ጩኸት መጣ። ለስሚዝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ 21 ለ 0። መሪውን ይዤ ብቻዬን ሳለቅስ ራሴን አገኘሁት። 42 ለ 17 አለቀ። ልጄ ስትመለስ ድምጿ ጠፍቶ ነበር፣ ቤት እስክንገባ በምልክት ነው ያወራችኝ።

ከዚያ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዕለት፣ ታህሣሥ 23፣ ካሊፎርኒያ ሮዝ ቦውል ስታዲየም ላይ ያቺኑ ኦሪገንን አገኟት። ኦሪገን 13 ተጫውታ 13 ያሸነፈች፣ አንደኛ የተባለች። 34 ለ 0 መሯት። ሠላሳ አራት ለዜሮ! መጨረሻው 41 ለ 21 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ያ ሲኒ ደርድሮ ያስተማረኝ ጓደኛችን ዘንድሮ ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ። ሁላችንም ሄደን በልተናል፣ ፎቶ ተነስተናል፣ መርቀናል። መስከረም ላይ ዘጋው። ከዚያ ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ዕቁቡን ተወ። የማኅበሩ ዕለት አልመጣም። የሚሺጋን ዕለት የማን ቤት እንደምናይ እንኳን የጠየቀ የለም፣ ሁልጊዜ የእሱ ቤት ነበራ። ለብቻ ለብቻችን ተከታተልነው።

እኛስ ምን አደረግን? እውነቱን እንነጋገር። አልኩህ እኮ ያልን አለን። ቦታው አይሆንም ነበር፣ ኪራዩ ከበደው፣ ማንንም አያማክርም ተባባልን። ቡና ላይ ሒሳቡን ሠራንለት፣ እሱ በሌለበት። እኔም ከተናገሩት አንዱ ነኝ፣ በጣም ነው የምጸጸተው። ደውዬለት ሁለቴ ሳያነሳ ሲቀር ሦስተኛ አልደወልኩም። እያንዳንዳችን እንዲህ አደረግንና ሰውዬው የት ሄዶ እንደተቀመጠ የማናውቅ ሆንን።

እሱ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ ፈተና ወድቆ ለሰው ያልተናገረ አለ። ትዳሩ የፈረሰበት፣ ወረቀቱ የተመለሰበት፣ ከሥራ የተቀነሰ፣ ከአረብ አገር ባዶ እጁን ተመልሶ እናቱ ፊት መቆም የከበደው አለ። ይህን የሚያነብ አንድ ሰው ከነዚህ አንዱ ከሆነ ዛሬ ማታ እንደማስበው ይወቅልኝ።

ልጅ ሆነን ደብረ ብርሃን አካባቢ ገና ስንጫወት ትዝ ይለኛል። ዱላችንን ከዛፍ ቆርጠን ጫፉን አጉብጠን፣ ሩሯን ይዘን ከብት ከምናግድበት ሜዳ ላይ። የእኛ ሰፈርና የወንዝ ማዶ ልጆች። ቅልጥማችንን ተመትተን እናነክሳለን፣ ማታ ግን አሸናፊም ተሸናፊም አንድ ቤት ገብቶ ከአንድ መሶብ ይበላል። ትልልቆቹም ተሸንፈው አኩርፈው የቀሩትን ልጆች ከየቤታቸው እየጠሩ ያመጧቸው ነበር። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ስም እየጠራ ሲቆጥር አሁንም ይታየኛል፤ አንድ ልጅ ከጎደለ እንጀራው አይቆረስም ነበር።

ጨዋታው ገና አላለቀም። አርብ ጥር 2 ቴክሳስ አርሊንግተን ላይ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ናቸው፣ ካሸነፉ ደግሞ ለዋንጫው አትላንታ። ሊሸነፉም ይችላሉ። ብቻ እኔ ቤት ነው የምናየው። ባለቤቴ ፈቅዳለች፣ ወንበርም ተውሻለሁ። ነገ ከዶሮው በኋላ እየደወልኩ ሁላችሁንም እጠራለሁ፣ ቤቱ ይጠበናል፣ ይጥበብ።

ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። አትመልስልኝ፣ ምንም አታስረዳኝ፣ ስለ ምግብ ቤቱ አንድ ሰው አፉን አይከፍትም። ነገ ለገና አንድ ሳህን ዶሮ ይዤ በርህ ላይ እመጣለሁ፣ ካልከፈትክ ደጃፉ ላይ አስቀምጬው እሄዳለሁ። አርብ ግን ና። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ጾም ስለሆነ ሽሮ ነው። ቀደም ብለህ ድረስ፣ ልጄ ጓደኞቿን ይዛ ስለምትመጣ ጨዋታውን የማያውቁ አሉ፣ ሲኒዎቹን የምትደረድርላቸው አንተ ነህ።